በኮረሪማው ገጽ የመጣው ወንድም

የእህቴ ልጅ ቴፒ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለእረፍት እኔ ጋ መጥታ ለሱቄ ገጽ ልትከፍትልኝ እንደምትፈልግ ስትነግረኝ፣ ደብተር ልትገዛልኝ መስሎኝ እሺ አልኳት። በማግስቱ ስልኬን ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና ሱቁ ውስጥ ያለውን የኮረሪማ ጆንያ ፎቶ አነሳች። ከዚያ አጠገባችን ያለው አማን ከተማ ድረስ ሄዳ፣ ኔትወርኩ ደህና የሚይዝበት ቦታ ቆማ ለቀቀችው። ስትመለስ አሥራ አንድ ሰው ወዶታል አለችኝ። እነማን እንደሆኑ ብጠይቃት አታውቃቸውም። ሊገዙ ነው ወይ ብላት አይደለም። ታዲያ ምኑን ነው የወደዱት? ጆንያውን? እሷም ሳቀች። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ጆንያውን እየዞርኩ ሳየው ዋልኩ።

ሱቄ ሚዛን ከተማ፣ ገበያው ዳር ነው። አባቴ በመምህርነት ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ቀርቷል፤ እኔም ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። የምሸጠው ኮረሪማ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ነው። ያኔ ሥራው ተቀዛቅዞብኝ ነበር። ከመሃል አገር የሚመጡ ነጋዴዎች መኪናቸውን ያቆሙና ኮረሪማውን ዘገን አድርገው አሽትተው ዋጋውን እነሱው ይነግሩኛል። አዲስ አበባ በስንት እንደሚሸጥ የማውቅበት መንገድ ስላልነበረኝ ቅር እያለኝ እሸጥላቸዋለሁ።

ገጹ በተከፈተ በሁለት ሳምንቱ አንዲት አዲስ አበባ በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት ጻፈችልኝ። ኮረሪማው የዘንድሮ ነው ወይስ ያደረ፣ የደረቀውስ በፀሐይ ነው ወይስ በጢስ ብላ ነበር የጠየቀችው። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ያውቃል ብዬ ራሴ ደወልኩላት። እሷ ገንዘቡን በባንክ ላከች፣ እኔ ዕቃውን በአውቶቡስ ጫንኩላት። ሳላያት፣ ሳታየኝ ተማምነን ተገበያየን። እሷ ለጓደኞቿ ነገረች፤ ጓደኞቿም ዕቃው እንደደረሳቸውና ጠረኑ ቤቱን እንደሞላው ከፎቶው ሥር ጻፉ። በስንት እንደሚገዙ እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ እኔም አብሬ አነበብኩ። ነጋዴዎቹ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ ዋጋውን የነገርኳቸው እኔ ሆንኩ። አንደኛው ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው አልኩት። እውነቴን ነበር፤ እሱ ግን የደበቅኩት መስሎት ተቀየመኝ።

እኔ ለብዙ ጊዜ የሆነውን ነገር በቅጡ አልተረዳሁትም። ዘመድ ያልሆነ፣ ጎረቤት ያልሆነ፣ ቡና አብሮኝ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ለምን ስለ እኔ ዕቃ ለሌላ ሰው ይመሰክራል? ምን ፈልጎ ነው? አንዳንዴ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ በመስኮት የሚያየኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ሱቄ ውስጥ ኮረሪማ የምትለቅምልኝ ሴት አለች። ከእኔ በአሥር ዓመት ግድም ታንሳለች፤ አብረን ከሠራን ግን ቆይተናል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት አንዷ ናት። ስትመጣ የአምስት ወይ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያመጣቻት ሴትዮ እናቷ ትሁን የጎረቤት ሴት አታውቅም፤ በመጡ በዓመቱ በወባ ሞተችባት። አንድ የቤንች ቤተሰብ ወስዶ አሳደጋት፣ ስም አወጣላት፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቋንቋውም የእነሱው ሆነ። አማርኛዋ ልክ ቆይተው እንደተማሩት ሰዎች ነው፤ ስትቆጣ በቤንችኛ ነው የምትቆጣው። ከበፊቱ ኑሮዋ የምታስታውሰው ጥቂት ነገር ነው፤ የጭነት መኪና፣ የሰው ጀርባ፣ አንድ ነጭ በቅሎ። ወንድም እንደነበራትና መንገድ ላይ እንደሞተ፣ በጨርቅ ሲጠቀልሉት እንዳየች አንድ ጊዜ ነግራኛለች። ስትነግረኝም ከሰፌዱ ላይ ቀና አላለችም።

የእህቴ ልጅ የሰው ፎቶ ሲኖርበት ገጹ ይበልጥ ይታያል ብላ ልታነሳት ጠየቀቻት። እሺ አለችና ሻሿን እስከ ጆሮዋ ድረስ አሰረች፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ስልኩ አየች። ፎቶው ከጆንያውም ከእርዱም ይልቅ ተወደደ።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ መልእክት ላከ። ሚስቱ የኮረሪማ ዋጋ ስታይ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ ፎቶውን እንዳየው፣ የሴትዮዋ ፊት የሟች እናቱ ፊት እንደሆነ፣ በድርቁ ጊዜ ከመጠለያ የጠፋች ታናሽ እህት እንዳለችው ጽፎ ነበር። እሱ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ስንዴ ሊቀበል ተሰልፎ ሲመለስ መኪኖቹ ሄደዋል። እህቱን የጎረቤት ሴት ይዛት እንደሄደች ነገሩት፤ ወዴት እንደሄዱ ግን አንዱ ከፋ ይለዋል፣ ሌላው መተከል። እናታቸው እዚያው መጠለያ ውስጥ ሞተች።

መልእክቱን ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ። አነበብኩላት። ኮረሪማውን መልቀሟን አላቆመችም።

"የእኔ ወንድም ሞቷል" አለች።

እኔም ይህንኑ ጻፍኩለት። እሱ ግን አልተወም፤ ደወለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ በመካከላችን አስቀመጥኩት። በወሎኛው ለስላሳ አነጋገር እህት ዓለም እያለ፣ ስላስቸገረን ይቅርታ እየለመነ፣ አንድ ነገር ብቻ እንድነግረው ጠየቀኝ። የእህቱ ግራ ጆሮ ጫፉ የተተረተረ ነው፤ ጠቦት ጉትቻዋን ጎትቶባት ነው። የሴትዮዋን ጆሮ እዩልኝ አለ።

እኔ ማየት አላስፈለገኝም። ጆሮዋን አውቀዋለሁ፤ የተተረተረ ነው፣ ያውም የግራው። ፎቶው ላይ ግን ሻሹ ሸፍኖታል፤ ሊያየው አይችልም። ደግሞ ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ጆሮዋ ኮረዳ ሳለች ቡና ስትለቅም ቅርንጫፍ ይዞባት እንደተተረተረ ከዓመታት በፊት ራሷ ነግራኝ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። ለሰውዬው ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም፤ መልሼ እደውላለሁ ያልኩት ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁላችንም ግራ ተጋባን። ሰውዬው በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ነጩን በቅሎ ስትነግረው እነሱ በቅሎ እንዳልነበራቸው፣ ጎረቤታቸው ግን አንዲት እንደነበረችው ተናገረ። ከቤታቸው በላይ ስላለው ምንጭ ሲነግራት መጀመሪያ አላስታውስም አለችው፤ በሳምንቱ ግን ውኃው ቀዝቃዛ ነበር አይደል ብላ ጠየቀችው። እኔ ውኃ የትም ቀዝቃዛ ነው አልኩ በሆዴ። ስለ ጆሮዋም አንድ ቀን ሳልጠይቃት፣ ምናልባት ቅርንጫፉ የያዘው ቀድሞ የተቀደደውን ይሆናል አለችኝ። በጨርቅ የተጠቀለለውም ልጅ ወንድሟ ሳይሆን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ታስታውስ ወይስ ትመኝ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ገበያ ስወጣ የሴቶችን ጆሮ ማየት ጀመርኩ፤ የተተረተረ ጆሮ ያላት ሴት ይህን ያህል እንደምትበዛ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከቴፒ በስልክ ትሰማለች። እኔን ሳትጠይቅ ታሪኩን ጽፋ፣ የእሷን ፎቶና ሰውዬው የላከልንን የራሱን ፎቶ አያይዛ ለቀቀችው፤ ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ የተገናኙ እህትና ወንድም ብላ። ጽሑፉ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከማላውቀው አገር ሁሉ ሰው አለቀስኩ እያለ ይጽፋል። እዚያው ላይ ደግሞ ኮረሪማ ያዛል። ከዚያ በፊት በወር የምልከውን በሳምንት መላክ ጀመርኩ። የማሻ ገበሬዎች ያመጡልኝ አልበቃ ብሎ እስከ ቴፒ ሄጄ ገዛሁ። ተጨማሪ ለቃሚዎች ቀጠርኩ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የእህቴን ልጅ ግን ስቆጣት፣ ገና ሳይረጋገጥ ለምን ጻፍሽ ስላት፣ ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው አለችኝ። የጠቀመውስ እኔን ነበር።

አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻችንን ስንለቅም ሴትዮዋ ድንገት ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ ሰዎቹ የሚገዙት ኮረሪማውን ነው ወይስ እኔን?"

ኮረሪማውን ነው አልኳት። መልሱን ግን አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ጀምሬ ደመወዟን ጨመርኩላት።

ሰውዬው በአካል ሊያያት ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሦስተኛው ቀን ሚዛን ገባ። ከመናኸሪያው አብረን ተቀበልነው። ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ ለእሷ ራሱ የሰፋውን ቀሚስ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ልኳን ከፎቶው ገምቶ ነበር የሰፋው። ሲያያት ወረቀቱን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየ። እሷ እንደ ግንድ ቆመች። መንገደኛው ሁሉ ከቦ አየን። ከዚያ አለቀሰ፤ እሱ ሲያለቅስ እሷም አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። የማን ልቅሶ ከማን እንደመጣ መለየት አልቻልኩም።

ቤቷ አማን ነው። ምን ልታበላው እንደምትችል ስትጨነቅ ሰንብታ ነበር። እሱ ሙስሊም፣ እሷ ጴንጤ፣ የሥጋው ነገር አስቸጋሪ ነው። በመጨረሻ ሽሮና ጎመን ሠራች፣ ጎደሬም ቀቀለች። ጎደሬ በልቶ አያውቅም፤ እየተጠራጠረ ጎረሰና ድንች ነው ብሎ ፈረደ። ልጆቿ አጎታችን እያሉ ዙሪያውን ከበቡት። ቀሚሱን ስትለብሰው ትከሻው ጠበበ፣ እጀታው ረዘመ። እሱ አስተካክለዋለሁ ብሎ መርፌና ክር አውጥቶ እዚያው ተቀመጠ። እኔ ያንን እያየሁ፣ ልኩ ባይሆንም ሊስተካከል ይችላል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በመጣ በአራተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ተቀምጠው ሳለ ስልኬን ከፈትኩ። ከመተከል፣ ከፓዊ የተላከ ረጅም መልእክት አገኘሁ። የጻፈችው አንዲት ወጣት ናት፤ እናቷ ስታወራ እሷ እየጻፈች። እናትየዋ ታሪኩን ገጹ ላይ ስታይ የሰውዬውን ፎቶ አውቃዋለች። የእናታቸውን ስም ጽፋለች፤ እኛ ገጹ ላይ አልጻፍነውም። የምንጩን ስም ጽፋለች። ወንድሟ በልጅነቱ ይንተባተብ ስለነበር ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠሩበትን ስምም ጽፋለች። ከሥሩ የእናትየዋ የተተረተረ ግራ ጆሮ ፎቶ ነበር።

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስልኩን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከትቼ እርድ ልመዝን ተነሳሁ፤ መዘንኩም፤ ለማን እንደመዘንኩ ግን አላውቅም፤ ገዢ አልነበረም። ልደብቀው አስቤ ነበር። እሱ ሲሄድ በስልክ እነግረዋለሁ፣ እሷ ሳትሰማ ይሆናል ብዬ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የጠበቀን ሰው አንድ ቀንም ቢሆን እንዴት አስጠብቀዋለሁ? ተመልሼ ተቀመጥኩና ለሁለቱም አነበብኩላቸው።

ያንን የቤት ስም ስደርስበት ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም አለ፤ ለማንም። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። እሷ መልቀሟን ቀጠለች። እኔ መካከላቸው ቀረሁ፤ ወደ ማን መሄድ እንዳለብኝ ጠፋኝ።

የፓዊዋ ሴት ስልክ ላይ ስትመጣ ያንኑ ስም ጠርታ ነው የጀመረችው። ሰውዬው መንተባተብ ጀመረ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሲንተባተብ አልሰማሁትም ነበር። የወንድምና የእህት ወሬ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። የጠቦቱን ነገር እንኳ እሷ ናት የጀመረችው።

ሲጨርሱ የእኔዋ ለቃሚ ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለ" አለችው። "ሂድ።"

"አንቺስ?"

"እኔ ሥራ አለኝ።"

በማግስቱ ስንሸኘው ቀሚሱን ለብሳ መጣች። እሱ መስኮቱ ላይ ሆኖ እህቴ ነሽ፣ ወላሂ እህቴ ነሽ ይላል። እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ እሺ ማለቷ ይሁን አይደለም ማለቷ አልታወቀኝም። አውቶቡሱ ሲወጣ ያለቀሰችው በደስታ ነው ወይስ በሐዘን ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ጠፋች የተባለች እህት የተገኘችው በእኛ ስህተት ነው። ያ የተሳሳተ ጽሑፍ ባይዛመት ፓዊ አይደርስም ነበር። ያንን ሳስብ የእህቴን ልጅ አመሰግናታለሁ፤ የዚህችን ጆሮዋን የምትዳስስ ሴት ፊት ሳይ ደግሞ የዚያችኑ ልጅ ጣት ልቆርጠው እደርሳለሁ።

የሆነውን ሁሉ ራሴ ጻፍኩ፤ በሁለት ጣት ስጽፍ ከሰዓቱ አለቀብኝ። ከእኛ ሱቅ ያለችው ሴት እህቱ እንዳልሆነች፣ እህቱ ፓዊ እንደተገኘች፣ ሳናረጋግጥ በመጻፋችን ይቅርታ እንደምንጠይቅ አስቀመጥኩ። አንዳንዶች እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ሌሎች ኮረሪማ ለመሸጥ የፈጠራችሁት ተረት ነው ብለው ሰደቡን። ለጥቂት ወራት ትእዛዙ ቀነሰ። ኔትወርኩም በዚያ ሰሞን እየጠፋ ሲያስቸግር፣ ሰዎቹ ትተውን ይሁን መሥመሩ ዘግቶብን ማወቅ አቅቶኝ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዤ በረንዳው ላይ እቆም ነበር። ያቺ የመጀመሪያዋ የአዲስ አበባ ደንበኛዬ ግን አልቀረችም። እሷ ኮረሪማው እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ሌላው ግድ እንደማይሰጣት ጻፈች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተመለሱ፤ ዛሬ ሱቄ የቆመው በዚያው ገጽ ነው።

ለቃሚዬን ፎቶዋን ከገጹ ላወርደው ብዬ ስጠይቃት እምቢ አለች። ይቆይ፣ ማን ያውቃል አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች እህታችን ናት ብለው ጽፈው ነበር። አሁን እኔም እሷም መጠየቅ ተምረናል፤ ስለ እሷ ምንም ሳንነግራቸው እነሱ ምን እንደሚያውቁ እንጠይቃለን። ሁለቱም አልሆኑም። ልብስ ሰፊው በየሳምንቱ ይደውልላታል። ልጆቿ አጎታችን ማለታቸውን አልተዉም፤ የሚያስተዋቸውም የለም።

በዓመቱ የፓዊዋ ሴት ልጅ፣ ያቺ መልእክቱን የጻፈችው፣ ልታገባ ሆነ። የጥሪው ወረቀት በሱቁ ገጽ መጣ፤ የተጻፈው ለእኔ ሳይሆን ለለቃሚዬ ነበር። አትሄድም ብዬ ነበር። ሄደች፤ አንድ ማዳበሪያ ኮረሪማና እርድ ተሸክማ፣ ሦስት ቀን ተጉዛ። ስትመለስ ሰርጉ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኳት። ደስ ይል ነበር አለች። የዚያ አገር ሰዎች የሙሽራዋ ምኗ ነሽ ብለው አልጠየቁሽም ወይ አልኳት፤ ይህ ነበር ከሄደች ጀምሮ ሲያሳስበኝ የቆየው።

"ጠየቁኝ" አለች። "ሽንኩርት አምጡ አልኳቸውና ከአክስቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ መላጥ ጀመርኩ።"